ዘጠኙ አሃዞች ለማን ይመሰክራሉ?

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ሐበሻ አዲስ ሥራ ሲጀምር ቀጣሪው ሁለት ቁጥሮች ይጠይቀዋል፤ ራውቲንግ ነምበርና የሒሳብ ቁጥር። ከቼኩ ግርጌ ወይም ከስልኩ ገልብጦ ይሰጣል፣ ደመወዙ ይገባል፣ ቁጥሩም ይረሳል። ልብ ብሎ ላየው ግን የራውቲንግ ነምበሩ ዘጠኝ አሃዞች ብዙ ይናገራሉ። የእሱ በ05 ሲጀምር የዳላሱ ዘመዱ በ11፣ የሚኒያፖሊሱ በ09፣ የአትላንታው በ06፣ የሎስ አንጀለሱ በ12 ሊጀምር ይችላል፤ ሁሉም የአንድ ባንክ ደንበኞች ቢሆኑም እንኳ። ሒሳቡ ክሬዲት ዩኒየን ውስጥ ከሆነ ደግሞ በ05 ፈንታ 25 ያያል፤ ለቁጠባ ተቋማት የተሰጠው መለያ በቀጣናው ቁጥር ላይ 20 ተደምሮበት ነውና።

እነዚህ ሁለት አሃዞች የፌዴራል ሪዘርቭን አሥራ ሁለት ቀጣናዎች ያመለክታሉ። አንደኛው ቦስተን፣ ሁለተኛው ኒውዮርክ፣ ሦስተኛው ፊላደልፊያ እያለ ይሄዳል፤ አምስተኛው ሪችመንድ ሲሆን ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ በሥሩ ናቸው። ቀጣናዎቹ የተሠመሩት በ1914 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ካርታው እስከ ዛሬ ብዙም አልተነካም። ገንዘብ ግን ያንን ካርታ ተከትሎ መጓዝ ካቆመ ቆይቷል። ዛሬ ባለ ሒሳቡን ሊያሳስበው የሚገባው ቁጥሩ የሚናገረው ሳይሆን ዝም የሚልበት ጉዳይ ነው። ዘጠኙ አሃዞች ገንዘቡን የሚቀበለው የትኛው ባንክ እንደሆነ በእርግጠኝነት ይመሰክራሉ። ያ ባንክ ባለገንዘቡን በስሙ ያውቀው እንደሆነ ግን ቁጥሩ አያውቅም። በ2024 አሜሪካ ውስጥ የደረሰ አንድ ኪሳራ የዚህን ክፍተት ስፋት አሳይቷል። ክፍተቱ እንዴት እንደተፈጠረ ለመረዳት ቁጥሩ መጀመሪያ ለምን እንደተሠራ ማየት ይጠቅማል።

በ1910 አሜሪካ ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ ባንኮች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ከአንዲት ከተማና ከአንድ መሥሪያ ቤት የማያልፉ። ከ1860ዎቹ ጀምሮ በፌዴራል ፈቃድ የተቋቋመው የየከተማው ቀዳሚ ባንክ «ፈርስት ናሽናል ባንክ» መባል ልማድ ስለሆነ፣ ተመሳሳይ ስም የያዙ ባንኮች በየአገሩ ተበትነው ነበር። ከሌላ ከተማ የመጡ ቼኮችን የሚለየው ጸሐፊ የእያንዳንዱን ባንክ ስምና ከተማ በእጁ እየጻፈ፣ ስፕሪንግፊልድ ሲባል የትኛው ስፕሪንግፊልድ እንደሆነ እያጣራ ይውል ነበር።

የቼኩ ጉዞ ራሱ ጉድ የሚያሰኝ ነበር። የኒውዮርኩ የባንክ ሰው ጄምስ ካነን የመዘገበው አንድ ቼክ ዝነኛ ሆኗል። ቼኩ የተጻፈው በሎንግ አይላንድ ጫፍ ባለችው በሳግ ሃርበር ባንክ ላይ ነው፤ የገባው ኒው ጀርሲ ውስጥ በሆቦከን። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 100 ማይል ቢሆን ነው። ቼኩ ግን ወደ ኒውዮርክ፣ ከዚያ ወደ ቦስተን፣ ወደ ቶናዋንዳ፣ ወደ ኦልባኒ እያለ፣ ኒውዮርክን ደግሞ እየረገጠ፣ 1,500 ማይል ያህል ዞሮ ነው እቤቱ የገባው። ምክንያቱ ስስት ነው። የሩቅ ባንክ የራሱን ቼክ ሲከፍል ጥቂት ሳንቲም ይቆርጥ ነበር፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ባንክ ቼኩን ሳይቆርጥ ለሚቀበለው ወዳጅ ባንክ ያሳልፈዋል፣ ያም ለሌላ ወዳጁ። በየደረሰበት ቢሮ ደግሞ አንድ ጸሐፊ የባንኩን ስም እንደገና ይጽፋል።

የአሜሪካ ባንኮች ማኅበር ለዚህ ድካም መፍትሔ በቁጥር ፈለገ። አሠራሩ በ1910 ተወጠነ፣ ዝርዝሩ በ1911 ታተመ። አታሚውና መዝጋቢው የቺካጎው ካርታ አታሚ ራንድ ማክናሊ ነበር፤ የባንኮች ማውጫ ቀድሞም ያትም ነበርና። መዝገቡ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ ተላልፎ ዛሬ በሌክሲስኔክሲስ ሪስክ ሶሉሽንስ እጅ ነው። ለአንድ ትልቅ አገር ባንኮች መለያ የሚሰጠው መንግሥት ሳይሆን የነጋዴዎች ማኅበርና የግል ኩባንያ መሆኑ ሁሉን ነገር ከብሔራዊ ባንክ ለለመድን ለእኛ እንግዳ ነው። አሠራሩ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሳይፈርስ ቆይቷል።

የመጀመሪያው ቁጥር በሰረዝ የተያያዙ ሁለት ክፍሎች ነበሩት። ከ1 እስከ 49 ያሉት ለትልልቅ ከተሞች ተሰጡ፤ ኒውዮርክ 1፣ ቺካጎ 2፣ ፊላደልፊያ 3። ከ50 እስከ 99 ያሉት ለግዛቶች። ከሰረዙ በኋላ የሚመጣው የባንኩ የራሱ ቁጥር ነው። በ1940ዎቹ ከሥሩ የፌዴራል ሪዘርቩን መስመር የሚያሳይ ሌላ ቁጥር ተጨመረና ነገሩ የክፍልፋይ መልክ ያዘ። ያ ክፍልፋይ ዛሬም በአሜሪካ ቼክ ላይ፣ በቀኝ በኩል ከላይ፣ በደቃቅ ፊደል ይታተማል፤ የሚያነበው ሰው ግን የለም ማለት ይቻላል። የቼዝ ባንክ የኒውዮርክ ቁጥር 1-2 ሆኖ ከሥሩ 210 ነበረው። ከሥር ያለውን 0210 አስቀድሙ፣ ከሰረዙ በኋላ ያለውን 2 በአራት ቦታ 0002 ብላችሁ ጻፉ፣ መጨረሻ ላይ አንድ አሃዝ ጨምሩ፤ የሚወጣው 021000021 ዛሬም የጄፒሞርጋን ቼዝ ራውቲንግ ነምበር ነው። በ1911 የተሰጠ ቁጥር ስልክ ውስጥ ባለ መተግበሪያ ላይ ሕያው ሆኖ ተቀምጧል።

ክፍልፋዩን ወደ ዘጠኝ አሃዝ የቀየረው ማሽን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቼኩ ብዛት ከጸሐፊዎች አቅም በላይ ሆነ። ባንክ ኦፍ አሜሪካ ከስታንፎርድ የምርምር ተቋም ጋር ሆኖ ቼክ የሚያነብ መሣሪያ አሠራ፤ ሥራው በ1955 ለሕዝብ ታየ። መሐንዲሶቹ ያስቸገራቸው ቼክ ንጹሕ ወረቀት አለመሆኑ ነበር፤ ማኅተም ያርፍበታል፣ ፊርማ ይጋልብበታል፣ ቡና ይፈስበታል። በዓይን የሚነበብ ጽሑፍ በቀላሉ ይበላሻል። ስለዚህ በብረት ብናኝ የተቀላቀለ ቀለም መረጡ፤ ማሽኑ የሚያነበው መልኩን ሳይሆን መግነጢሱን ነው። ከቼክ ግርጌ የምናያቸው እነዚያ ወጣ ገባ ያሉ ቅርጾች፣ አሥሩ አሃዞችና አራቱ ምልክቶች፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ የባንኮች ማኅበር የተቀበላቸው ናቸው።

ዘጠነኛው አሃዝ የተለየ ሥራ አለው፤ ስለ ባንኩ ምንም አይናገርም፣ ሌሎቹ ስምንቱ በትክክል መጻፋቸውን ብቻ ይጠብቃል። አንደኛውን፣ አራተኛውንና ሰባተኛውን አሃዝ ደምረን በ3 እናባዛለን፤ ሁለተኛውን፣ አምስተኛውንና ስምንተኛውን ደምረን በ7፤ የቀሩትን ሦስቱን እንዳሉ እንደምራለን። የሁሉም ድምር ያለ ቀሪ ለ10 መካፈል አለበት። በ021000021 ብንሞክረው 0፣ 28 እና 2 ይሰጠናል፤ ድምሩ 30። አንድ አሃዝ የተሳሳተ እንደሆነ ስሌቱ ሁልጊዜ ይይዘዋል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ከተለዋወጡም ይይዛል፤ ልዩነታቸው 5 ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ 1 እና 6 ወይም 2 እና 7፣ ያመልጡታል። ይህ ጥበቃ የሚሠራው ለባንኩ ቁጥር ብቻ መሆኑን ያዙልኝ። ከጎኑ ያለው የደንበኛው የሒሳብ ቁጥር እንዲህ ያለ የጋራ ጠባቂ የለውም። ባንኩ እንዳይጠፋ ብዙ ተደክሟል፤ ሰውየው እንዳይጠፋ ግን ለየባንኩ ተትቷል።

በዚያ ዘመን ቁጥሩ የሚያመለክተው ቦታ እውነተኛ ነበር። 12 ያለው ቼክ በአውሮፕላን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ይሄዳል፤ 02 ያለው በኒውዮርክ ይቀራል። ይህን የሚያውቅ አጭበርባሪ በኒውዮርክ ባንክ ስም ባሳተመው ሐሰተኛ ቼክ ላይ 02ን በ12 ይተካና ቼኩ አገር አቋርጦ እስኪሄድና እስኪመለስ ጥቂት ቀናት ይገዛል። በአጭበርባሪነቱ የታወቀው ፍራንክ አባግኔል በ1980 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ዘዴ እንደተጠቀመበት ያወራል፤ የሰውየው ታሪክ አብዛኛው ልብ ወለድ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፣ ዘዴው ግን በባንኮች ዘንድ የታወቀ ነበር።

ካርታውን ከገንዘቡ የለየው መጀመሪያ የባንኮች መዋዋጥ ነው። በ1994 የወጣው ሕግ ባንኮች ከግዛት ግዛት ቅርንጫፍ እንዲከፍቱ ከፈቀደ በኋላ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ከነቁጥራቸው ገዙ። ባንክ ኦፍ አሜሪካን የመሰለ ተቋም ዛሬ በየግዛቱ የተለያየ ቁጥር የያዘው ለዚህ ነው። በቨርጂኒያ ሒሳብ የከፈተ ደንበኛ ወደ ካሊፎርኒያ ቢዛወር ቁጥሩ ከ05 አይነቃነቅም፤ «ኦሮ» ታርጋ ለጥፎ ዕድሜውን አዲስ አበባ ላይ እንደሚፈጅ መኪና ማለት ነው። ያው ባንክ ለአስቸኳይ ሐዋላ ደግሞ ለመላ አገሪቱ አንድ የኒውዮርክ ቁጥር ብቻ ይጠቀማል። ደንበኞች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ለደመወዝ የሚሠራውን ለሐዋላ፣ ለሐዋላ የሚሠራውን ለደመወዝ ይሰጣሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ነው። አውሮፕላኖች ሲታገዱ ቼኮችም መሬት ላይ ቀሩ። ፌዴራል ሪዘርቭ ለተቀባይ ባንኮች ገንዘቡን ቀድሞ ይሰጥ ስለነበር፣ ከከፋዮቹ ያልሰበሰበው ሒሳብ በቀናት ውስጥ ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የወረቀቱ ምስል ወረቀቱን እንዲተካ የሚፈቅደው ሕግ ኦክቶበር 28 ቀን 2004 ሥራ ላይ ዋለ። በ2003 ፌዴራል ሪዘርቭ 45 የቼክ ማስተናገጃ ጣቢያዎች ነበሩት፤ በ2010 ወረቀት የሚቀበለው አንድ ብቻ ቀረ። መጀመሪያዎቹ አራት አሃዞች የሚጠቁሙት ቢሮ አብዛኛው ተዘግቷል። ቁጥሩ ግን እንዳለ ነው፤ ለመቀየር ስንት የደመወዝ መዝገብ፣ ስንት የውል ክፍያ እንደሚነካ ማሰብ ይበቃል።

ሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ በተለያየ መንገድ ፈትተውታል፤ የእኛ ሰዎች ደግሞ በየሄዱበት ይገጥማቸዋል። በእስራኤል ባንኮች ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር አላቸው፤ ሌኡሚ 10፣ ዲስኮንት 11፣ ሃፖአሊም 12። ቅርንጫፉ ሦስት አሃዝ ይጨመርበትና ሒሳቡ ይከተላል፤ ቁጥሩ አጭር ስለሆነ ሰው በቃሉ ይይዘዋል። በሳዑዲና በኤምሬትስ አይባን የተባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ቁጥር አለ። የሳዑዲው 24፣ የኤምሬትሱ 23 ፊደልና አሃዝ ይይዛል፤ የባንኩ መለያ ውስጡ ተሸሽጓል። ከሳዑዲ አይባን ውስጥ ከአምስተኛው ቦታ 80 ካያችሁ ባንኩ አል ራጅሂ ነው፤ ከኤምሬትሱ ውስጥ በዚያው ቦታ 026 ካያችሁ ኤምሬትስ ኤንቢዲ። የአይባን ብልጫ ጠባቂው ላይ ነው። ከአገሩ ምልክት ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞች በ97 እየተካፈለ በሚሠራ ስሌት ሙሉውን ቁጥር፣ ባንኩንም የሰውየውንም ሒሳብ፣ አብረው ይጠብቃሉ። አሜሪካ ለባንኩ ብቻ ያደረገችውን አይባን ለደንበኛውም አድርጎታል።

ኢትዮጵያ አይባን የላትም። ከዱባይ ወይም ከፍራንክፈርት ገንዘብ የሚልክ ሰው ቅጹ ላይ «አይባን» የሚል ሣጥን ሲያገኝ ግራ የሚጋባው ለዚህ ነው፤ የራሱ ሒሳብ አለው፣ የተቀባዩ የለውም። ለኢትዮጵያ የሚሠራው የስዊፍት ኮድ ነው። ስዊፍት በ1973 ብራስልስ ውስጥ 239 ባንኮች ያቋቋሙት ማኅበር ሲሆን ኮዱ ስምንት ወይም አሥራ አንድ ፊደል አለው፤ አራት ለተቋሙ፣ ሁለት ለአገሩ፣ ሁለት ለቦታው፣ ከፈለጉ ሦስት ለቅርንጫፉ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ «ሲ-ቢ-ኢ-ቲ፣ ኢ-ቲ፣ ኤ-ኤ» ይባላል፤ መካከል ላይ ያለው «ኢ-ቲ» ኢትዮጵያ ነው።

በአሜሪካ ካሉ ወገኖች ደጋግሞ የሚሰማ ጥያቄ አለ፤ «የንግድ ባንክ ራውቲንግ ነምበር ስንት ነው?» የለውም። ሊኖረውም አይችልም። ራውቲንግ ነምበር የሚሰጠው በአሜሪካ ፌዴራል ወይም በግዛት ፈቃድ ተቋቁሞ በፌዴራል ሪዘርቭ ሒሳብ ለመያዝ ብቁ ለሆነ ተቋም ብቻ ነው። ከሜሪላንድ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የባንክ ሐዋላ ላይ ዘጠኝ አሃዝ ከታየ፣ ያ ቁጥር የአዲስ አበባው ባንክ ሳይሆን የአዲስ አበባው ባንክ ዶላሩን ያስቀመጠበት መካከለኛ የአሜሪካ ባንክ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር የአንድ ኢትዮጵያ ባንክ የራሱ ነው ብሎ የሚሰጣችሁን ሰው ተጠራጠሩት።

ይህ «ብቁ ለሆነ ተቋም ብቻ» የሚለው ደንብ የዛሬው ጉዳይ ቁልፍ ነው። ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት የመጡት የገንዘብ መተግበሪያዎች አብዛኞቹ ባንክ አይደሉም። ፈቃዱም ቁጥሩም የላቸውም። ስለዚህ ከአንድ ትንሽ ባንክ ጋር ይዋዋላሉ። ለምሳሌ ቻይም የተባለው መተግበሪያ የባንኮርፕና የስትራይድ ባንኮችን ቁጥር ይሰጣል። ደንበኛው የሚያየው የመተግበሪያውን ስምና ቀለም ነው፤ የባንኩ ስም ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል አለ። የመንግሥት የተቀማጭ መድን አለው መባሉም ከዚያው ባንክ የመጣ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ በመተግበሪያውና በባንኩ መካከል ሦስተኛ ኩባንያ ይገባል። ሲናፕስ እንዲህ ያለ ነበር። የሳን ፍራንሲስኮው ሲናፕስ እንደ ዮታና ጁኖ ያሉ መተግበሪያዎችን ከባንኮች ጋር ያገናኝ፣ የእያንዳንዱን ደንበኛ ሒሳብ በራሱ መዝገብ ይይዝ ነበር። ባንኩ ዘንድ ያለው ለብዙ ሰዎች ተብሎ የተቀመጠ የጋራ አደራ ሒሳብ ነው፤ ከገንዘቡ ስንቱ የእገሌ ስንቱ የእገሊት እንደሆነ የሚያውቀው መካከለኛው ነው። ኤፕሪል 2024 ላይ ሲናፕስ ኪሳራ አወጀ፤ በቀጣዩ ወር ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ሒሳባቸው ተቆለፈባቸው። ፍርድ ቤቱ የቀድሞዋን የተቀማጭ መድን ኮርፖሬሽን ሊቀ መንበር የለና ማክዊሊያምስን ባለ አደራ አድርጎ ሾመ። እሳቸው የባንኮቹንና የሲናፕስን መዝገብ ሲያስተያዩ በደንበኞች መብትና በባንኮቹ በተገኘው ገንዘብ መካከል ከ65 እስከ 96 ሚሊዮን ዶላር ጉድለት አገኙ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ዘገባ ያለፈው ነጥብ ይህ ስለሆነ። ከደንበኞቹ አንዱ እንኳ የተሳሳተ ራውቲንግ ነምበር አልነበረውም። ከሲናፕስ ጋር ይሠራ የነበረው ኢቮልቭ ባንክ እውነተኛ፣ ፈቃድ ያለው፣ መድን የተገባለት ነው፤ ዘጠነኛው አሃዝ በትክክል ይመታል፤ ደመወዙ ሲላክ ሳይመለስ ገብቷል። መለያው ሥራውን ሠርቷል። ቢሆንም የተቀማጭ መድኑ ገንዘቡን አልመለሰም፤ መድኑ የሚሠራው ባንክ ሲወድቅ ነውና፣ የወደቀው ደግሞ መካከለኛው ነው። አንዳንዶቹ ከሺህ ዶላሮች ውስጥ የተመለሰላቸው ሳንቲም ብቻ ነበር። መድን ኮርፖሬሽኑ በሴፕቴምበር 2024 ባንኮች በአደራ ሒሳብ ውስጥ ያለውን የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ በየቀኑ እንዲያውቁ የሚያስገድድ ረቂቅ ደንብ አቀረበ። በእኔ ግምት ትክክለኛው ቦታ ይህ ነው፤ ቁጥሩን ማሻሻል ሳይሆን ቁጥሩ የሚያመለክተው ባንክ ባለገንዘቡን እንዲያውቅ ማስገደድ።

ሌላው መንገድ የፌዴራል ሪዘርቭ ሒሳብን በር ለባለ መተግበሪያዎቹ ራሳቸው መክፈት ነው። ፌዴራል ሪዘርቭ ይህን ለረጅም ጊዜ ተቃውሟል። በዋዮሚንግ ፈቃድ ያወጣው ካስቶዲያ ባንክ በ2020 ያቀረበው የሒሳብ ጥያቄ በጃንዋሪ 2023 ውድቅ ተደርጎበት ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። በኦክቶበር 2025 ግን የገዥዎች ቦርድ አባሉ ክሪስቶፈር ዎለር አዲስ ሐሳብ አነሡ፤ ወለድ የማይከፈልበት፣ ከሪዘርቩ ብድር የማያስገኝ፣ ለክፍያ ብቻ የሚሆን ጠባብ ሒሳብ። እንዲህ ከሆነ ቁጥሩ የሚጠቁመው ተቋምና ደንበኛው የሚያውቀው ተቋም አንድ ይሆናሉ። ሐሳቡን የምደግፈው ለፊንቴክ ፍቅር ኖሮኝ አይደለም። አንድ ሰው ገንዘቡ ያለበትን ተቋም ስም ለማወቅ ደቃቅ ፊደል እንዲያነብ መገደድ የለበትም።

ከቁጥሩ ጎን ስም የማስተያየት ጉዳይም አለ፤ በዚህ አሜሪካ ወደ ኋላ ቀርታለች። ሐዋላን የሚገዛው የንግድ ሕጓ ክፍል የተቀባዩ ስምና የሒሳብ ቁጥሩ ባይገጣጠሙ ተቀባዩ ባንክ በቁጥሩ ብቻ ተማምኖ እንዲከፍል ይፈቅዳል። ለባንኩ ቁጥርም እንዲሁ ነው። በስም የተጻፈው አንድ ባንክ፣ በቁጥር የተጻፈው ሌላ ባንክ ቢሆን ላኪው ባንክ ቁጥሩን ማመን ይችላል። የኢሜይል አጭበርባሪዎች የሚኖሩት በዚህ ቀዳዳ ነው፤ የቤት ሻጩን ስም አኑረው ቁጥሩን ብቻ ይቀይራሉ። ብሪታንያ በ2020 ትልልቅ ባንኮቿን ስም እንዲያስተያዩ አስገደደች። የዩሮ አገሮች ባንኮች ከኦክቶበር 9 ቀን 2025 ጀምሮ ያንኑ ያደርጋሉ።

በኢትዮጵያ ይህ ቀድሞ የተለመደ ነው። ከባንክ መተግበሪያ ወደ ሌላ ባንክ ሲላክ ተጠቃሚው ኮድ አይጽፍም፤ የባንኩን ስም ከዝርዝር ይመርጣል፣ ሒሳቡን ያስገባል፣ የባለ ሒሳቡ ስም ብቅ ይላል። በ1000 የሚጀምረውን ባለ 13 አሃዝ የንግድ ባንክ ቁጥር በስህተት የጻፈ ሰው የማያውቀው ስም ሲመጣ ያቆማል። ነውርም አለበት፤ የሰው ሒሳብ ቁጥር የያዘ ሁሉ ሙሉ ስሙን ማየት ይችላል። ብሪታንያ «ይገጥማል» ወይም «አይገጥምም» ትላለች እንጂ ስሙን እንዲህ አታሳይም። ይህ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው። ዋናው አሠራር ግን ላኪው ከቁጥር በፊት ሰውን እንዲያይ ያደርገዋል፤ ዋሽንግተን ይህን ገና አላገኘችም።

የዝርዝሩ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በብሔራዊው የክፍያ ማገናኛ በኢትስዊች በኩል የሚገናኙት ባንኮች ብቻ አይደሉም። ቴሌብር ከሜይ 2021፣ ኤም-ፔሳ ከኦገስት 2023 ጀምሮ አሉ፤ ሁለቱም ባንክ ሳይሆኑ የደንበኞቻቸውን ገንዘብ በባንክ የሚያስቀምጡ ተቋማት ናቸው። በ2024 መጨረሻ ፓርላማው ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360 ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ዝርዝሩ ይረዝማል፤ ባንክና ባንክ ያልሆነው፣ የአገሩና የውጭው በአንድ ረድፍ ይሰለፋሉ። የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ግን እስከ 100,000 ብር የሚሸፍነው በባንክና በማይክሮፋይናንስ ተቋም ላለ ተቀማጭ ነው።

ስለዚህ ለሚመለከተው አካል አንድ ነገር እመክራለሁ፤ ከዝርዝሩ ላይ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ገንዘቡ የሚያርፍበት ባንክ ይጻፍ፣ መጠኑም ከስሙ እኩል ይሁን። የጋራ ሒሳቡ መዝገብም በመካከለኛው ብቻ ሳይሆን በባንኩ ጭምር ይያዝ፣ ሁለቱ በየቀኑ ይመሳከሩ። በአሜሪካ ረቂቁ የቀረበው የሰው ገንዘብ ከጠፋ በኋላ ነው፤ እዚህ እንደ ቴሌብርና ኤም-ፔሳ ላሉ ተቋማት ፈቃድ ሲታደስ የፈቃዱ ግዴታ አድርጎ ማስገባት ይቻላል።